ደፋርና ጭስ

«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል። ስለ ጭሱ አልከራከርም። ስለ ደፋሩ ግን ካሊፎርኒያ፣ ዮሴሚቲ ሸለቆ ውስጥ ያለ አንድ አለት ሌላ ታሪክ አለው።

ስሙ ኤል ካፒታን ነው፤ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ ግራናይት። በ1958 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታችም የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ ናቸው) ዋረን ሃርዲንግና ጓደኞቹ መጀመሪያ ሲወጡት፣ እየተመላለሱ በድምሩ 47 ቀን ፈጀባቸው። በ1975 ሦስት ሰዎች ያንኑ መስመር በአንድ ቀን ጨረሱት። በ1993 ሊን ሂል ገመዱን ብትወድቅ እንዲይዛት ብቻ አስራ በእጅና በእግሯ ወጣችው። አለቱ ያው ነው። ዕቃው ተሻሽሏል፣ ልክ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ትውልድ ከፊቱ የነበረው ያወቀውን ይዞ ነው የጀመረው።

አሌክስ ሆኖልድ ደግሞ ገመዱን ጭራሽ ተወው። በ2008 እዚያው ሸለቆ ያለውን ሃፍ ዶም ሲወጣ ብዙ ሳይለማመድ ነበር የሄደው። ጫፍ ሊደርስ ሲል ልሙጥ ቦታ ላይ ፈርቶ ቆመ፤ በመጨረሻ እግሩን አምኖ አለፈ። መውጫ አላጣም። ግን ደስ አላለውም፤ ዕድለኛ መሆን አልፈለገም።

ስለዚህ ለኤል ካፒታን ሌላ መንገድ መረጠ። ፍሪራይደር የተባለውን መስመር በገመድ ደጋግሞ ወጣ። የላሉ ድንጋዮችን በቦርሳ ተሸክሞ አወረደ። አንድ ቦታ ላይ እግርን ወደ ጎን አርቆ መዘርጋት ስለሚያስፈልግ፣ ዓመቱን ሙሉ በየማታው እግሩን ሲያፍታታ ከረመ። ከዚያ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን መያዣ፣ «እዚያ ላይ ብፈራስ?» የሚለውን ስሜት ሳይቀር፣ በአእምሮው አየው። ፍርሃቱን ቤቱ ጨረሰው ማለት ይቻላል።

«አንጎሉ የተለየ ነው» የሚሉ አሉ። እውነትም በ2016 በወጣ የአንጎል ምርመራ ላይ፣ የሚያስደነግጡ ምስሎች ሲታዩት የፍርሃት ማዕከል የሚባለው ክፍል ዝም ብሎ ነበር። ግን አንጎሉ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ያ ሁሉ ልምምድ ለምን አስፈለገ?

ለእኔ ትልቁ ቀን ሌላ ነው። በ2016 መኸር ካሜራዎቹ ተዘጋጅተው፣ እሱም ጀምሮ፣ ገና ታችኛው ክፍል ላይ እያለ ስሜቱ ልክ አልመስል አለውና ተመለሰ። ሰኔ 3 ቀን 2017 ግን በ3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ጨረሰው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። እኛ ጋ አዲስ ኮድ ለተጠቃሚ ከመልቀቃችን በፊት እንፈትሻለን፤ ችግር ካለ ወደ ቀድሞው እንመልሳለን። መመለሱን ማንም ፍርሃት አይለውም። ስፖርት ላይ ሲሆን ግን የምናጋራው ቪዲዮ የሚዘልለውን እንጂ የሚመለሰውን አያሳይም።

ከሸለቆው ትልልቅ ስሞች አንዱ የነበረው ዲን ፖተር በ2015 እዚያው በዊንግሱት ዘሎ ሞተ። ድፍረትም ችሎታም ነበረው። ዝግጅትም ቢሆን ሁሌ አያድንም። ተረቱን ላርም ከተባልኩ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ጭስ መውጫ አያጣም፤ ደፋር ግን መውጫውን ቀድሞ ይፈልግ።