የደፈረሰው ወንዝ ሲለካ፦ የእርከን ሥራና የአፈር ምርምር ታሪክ

በደጋማው የአገራችን ክፍል የሚኖር ገበሬ በሐምሌ ወር ወንዙ ደፍርሶ ሲያይ የሚሄደው ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። አባቱም ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ድፍርስ ውሃ ስንት አፈር ተሸክሞ እንደሚወርድ፣ ከየትኛው ማሳ እንደተነሣና በምን ዓይነት ሥራ ሊገታ እንደሚችል በቁጥር የተቀመጠ መልስ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ እምብዛም አልነበረም። መልሱ የተገኘበት መንገድ የገበሬውን ድካም፣ የመንግሥትን ፖሊሲና የተመራማሪውን መለኪያ በአንድ ላይ ያያያዘ ስለሆነ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትም ሆነ ለወረዳና ለቀበሌ አመራር አካላት ሊታወቅ የሚገባው ነው። በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተገለጸ ነው።

እርከን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ለብዙ ትውልድ ተራራውን በድንጋይ እየካበ አርሶበታል፤ ይህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሰሜን ሸዋም የቆዩ የድንጋይ እርከኖች አሉ። መንግሥት በዘመቻ መልክ ወደ ሥራው የገባው ግን ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን የመንግሥት ሲያደርግ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ፤ እነዚህ ማኅበራት ደግሞ የሰው ጉልበት ለማሰባሰብ አመቺ ሆነው ተገኙ። በድርቅ በተጎዱት አካባቢዎች በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ የ«ምግብ ለሥራ» መርሐ ግብር ተዘረጋ። ሠራተኛው በቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት እየተሰፈረለት እርከን ቆፈረ፣ ክትር ካበ፣ ችግኝ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ቁጥር 2488 በሚል መለያ የተጀመረው ፕሮጀክት በአፍሪካ ከነበሩት የዚህ ዓይነት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ እስከ መባል ደርሷል።

ሥራው ሰፊ ነበር፤ እውቀቱ ግን ከሥራው ኋላ ቀርቶ ነበር። ዝናብ ለሚያጥረው ለምሥራቅ ወሎ የሚስማማው ውሃ የሚያቁር እርከን፣ ዝናብ በሚበዛበት ጎጃም ማሳውን ረግረግ ያደርገዋል። ሪፖርቱ ግን በኪሎ ሜትር ይቆጠር ስለነበር የተሠራው እርከን ለቦታው ይስማማል ወይ የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣ ብዙ አልነበረም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ የምርምር ፕሮግራም ተቋቋመ። ባለቤቶቹ የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ፣ ሥራውን የመሠረቱት የጂኦግራፊ ምሁሩ ሐንስ ሁርኒ ናቸው። ሁርኒ ከዚያ ቀደም ሲል የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል፤ የአፈሩን መታጠብ በቅርብ ያጠኑትም እዚያው ነበር። ፕሮግራሙ በተለያየ የአየር ጠባይ ላይ ያሉ ትንንሽ ተፋሰሶችን መርጦ ጣቢያ አቆመ። የመጀመሪያው በወሎ ማይባር ሲሆን፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በሲዳሞ ጉኑኖ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በኢሉባቦር ዲዚ፣ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ አካል በነበረችው በኤርትራ ደግሞ አፍደዩ ተከተሉ።

የመለኪያው አሠራር ሲታይ ቀላል ነው። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሜትር የሆነ ቁራሽ መሬት ዙሪያውን ይከለላል፤ ከላዩ የሚወርደው ጎርፍና አፈር ከታች ባለ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይለካል፣ ይመዘናል። በተፋሰሱ መውጫ ላይ ደግሞ ወንዙ ቡናማ መልክ መያዝ ሲጀምር በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ወንዙ እስኪጠራ ድረስ ይህ አይቋረጥም። ዝናቡ ሌሊትም ቢሆን፣ የበዓል ዕለትም ቢሆን የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል። ስለ ምርምሩ በሚጻፉ መጻሕፍት የምሁራኑ ስም ይነሣል፤ ቁጥሩ ግን የተሰበሰበው በየጣቢያው በዝናብ ውስጥ ጠርሙስ ይዘው በቆሙ ሰዎች ድካም ነው።

ከዚህ መረጃ በመነሣት ሁርኒ ባወጡት ግምት፣ ከሚታረሰው የአገሪቱ መሬት ከአንድ ሄክታር በየዓመቱ በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህ ከማሳው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል መገፈፍ ማለት ነው። በአንድ ዓመት ዓይን አያየውም፤ በ10 ዓመት ግን ሁለት ጣት ያህል ይሆናል። በአንጀኒ ከተለኩት ተዳፋት ማሳዎች አንዳንዶቹ በሄክታር ከ100 ቶን በላይ ያጡ ነበር። በጠቅላላው አገር በዓመት የሚንቀሳቀሰውን አፈር ሁርኒ 1.5 ቢሊዮን ቶን አድርገው ሲገምቱት፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባጠናቀቀው የደጋማ አካባቢዎች ጥናት 1.9 ቢሊዮን ብሎታል። ሁለቱ አለመግጠማቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከጥቂት ጣቢያ ተነሥቶ ለአገር የሚወጣ ቁጥር ሁልጊዜም ግምት ነው። በየስብሰባው ቁጥሩ እንደ ቆጠራ ውጤት ሲጠቀስ የሚሰማ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሚሆን መመሪያ መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ አገሪቱን የከፋፈለው ከውጭ በመጣ ስያሜ አይደለም፤ ገበሬው ራሱ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ በሚለው አጠራር ነው። በዚያ ላይ ደረቅ፣ እርጥብ፣ እጅግ እርጥብ የሚል የዝናብ መጠን ታክሎበት ለእያንዳንዱ የሚስማማው የእርከን ዓይነት ተመለከተ። ለሁሉም አንድ ዓይነት እርከን የሚለው አሠራር የሚጠየቅበት ሰነድ በዚህ ተገኘ ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት በአንጀኒ «ፋንያ ጁ» የሚባለው እርከን ተሠራ። ስሙ የስዋሂሊ ሲሆን ወደ ላይ ወርውር ማለት ነው፤ በኬንያ የተለመደ ነው። ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይጣልና ድንበር ይሆናል፤ ከላይ የሚወርደው አፈር እዚያ እየተጠራቀመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዳፋቱ ደልዳላ ደረጃ እየያዘ ይሄዳል። አንጀኒ የሆነውም ይኸው ነው። የሚታጠበው አፈር በእጅጉ ቀነሰ። ነገር ግን ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲ እ.ኤ.አ. በ1999 የየጣቢያዎቹን ውጤት አሰባስበው ሲያሳትሙ የገበሬውን ቅሬታ የሚያረጋግጥ ነገር አገኙ፦ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመታት እርከኑ ምርት አልጨመረም። ድንበሩና ቦዩ ከሚታረሰው መሬት ላይ ቆርሰው ይወስዳሉ፤ አረምና አይጥ ይጠለልባቸዋል፤ በእርከኖቹ መካከል ጥማድ በሬ ማዞር ያስቸግራል፤ እርጥበት በበዛበት ቦታ ደግሞ ውሃ ይተኛል። ገበሬው ይህን ለዓመታት ሲናገር «የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ታልፎ ነበር። መለኪያው ሲናገረው ግን ተሰማ።

የካቲት 1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የሆነው ነገር የኅብረት ሥራ ታሪክም ነው። በዚያ ሰሞን ያለ ፈቃዳቸው የተደራጁ ገበሬዎች የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን በሳምንታት ውስጥ በትነው መሬቱን ተከፋፈሉ። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣም የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቆችና መጋዘኖች በየቦታው ተዘረፉ። በነዚሁ ዓመታት በብዙ አካባቢ እርከኑም ፈረሰ፣ የማኅበረሰብ ደን ተቆረጠ፣ ተከልሎ የነበረው ተራራ ለከብት ተለቀቀ። ማኅበሩንም እርከኑንም ገበሬው የራሱ አድርጎ አልቆጠራቸውም፤ ስለዚህ በአንድ ወቅት አብረው ሄዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁር የሆኑት የራስወርቅ አድማሴ ይህን የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ዘመን ከመሬት ባለቤትነት መብት ጋር አያይዘው ያጠኑ ሲሆን፣ የጥናታቸው ርእስ «ሃያ ዓመት ወደ የትም» የሚል ትርጉም አለው። ችግሩ የአፈርና የዝናብ ብቻ አለመሆኑ፣ የሕግና የመተማመን ጉዳይም መሆኑ በምርምር ዘርፍ ጎልቶ የወጣው እንዲህ ካሉት ሥራዎች ጋር ነው።

ፖሊሲው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተለወጠ። የአካባቢ ፖሊሲ በ1989 ጸደቀ። በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ወጣ፤ የዛሬዎቹ ዩኒየኖች ሕጋዊ መሠረት ያገኙበት ነው። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታው ማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጠው ሲደነግግ፣ መሬቱን የመንከባከብ ግዴታም ጣለበት። በዚያው ዓመት የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ደግሞ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆን ተፋሰስ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ባሉበት እንዲታቀድ አደረገ። ከ2003 ወዲህ በየዓመቱ በበጋ የተካሄደው የሕዝብ ንቅናቄ ሥራውን በስፋት አሳደገው። የድሮው በሽታ ግን ጨርሶ አልለቀቀም፤ በብዙ ሪፖርት ላይ ዛሬም ከእርከኑ ጥራት ይልቅ ርዝመቱ ይቀድማል።

የየጣቢያዎቹ መረጃ ለትምህርትም አገልግሏል። የምርምር ፕሮግራሙ ሲያበቃ ጣቢያዎቹ ወደ ክልል የግብርና ምርምር ተቋማት ተላለፉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር በተፋሰስ አያያዝ የማስተርስ ትምህርት ሲጀምር፣ ከማይባር፣ ከአንዲት ጥድና ከአንጀኒ የተሰበሰበው የዓመታት ቁጥር በተመራማሪዎች እጅ እንደገና ተመረመረ። የተገኘው ውጤት ብዙ ሰው የሚያስበውን የሚቃወም ነው። ጎርፉ በአብዛኛው የሚነሣው ከላይኛው ተዳፋት ሳይሆን ውሃ ከጠገበው ከታችኛው ሜዳና አፈሩ ከሳሳበት ቦታ ነው። ወንዙ በጣም የሚደፈርሰውም በክረምቱ ማብቂያ አይደለም፤ ማሳው ታርሶ ራቁቱን ባለበት በክረምቱ መጀመሪያ ነው። ገበሬው ከማኅበሩ በብድር የወሰደውን ማዳበሪያ ከዘር ጋር የሚበትነውም በዚሁ ወቅት መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። ከማሳው የሚወርደው አፈር ይዞት የሚሄደው የዚያን ዕዳ አንድ ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የውሃና መሬት ሀብት ማዕከል የጣቢያዎቹን መረጃ በማሰባሰብ ሥራውን የቀጠለ ሲሆን፣ የ1986ቱ መመሪያም ከ30 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ተሻሽሎ ታትሟል። መመሪያው ከሚያዝዛቸው ነገሮች በየቀበሌው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው አንድ ነው። ዝናብ በሚበዛበት አገር እርከን ከመሠራቱ ቢያንስ አንድ ክረምት ቀደም ብሎ የትርፍ ውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈርና ሣር መልበስ አለበት። ቦዩ በማን ማሳ በኩል ይለፍ የሚለው ግን በመለኪያ አይወሰንም። የላይኛው ገበሬ ውሃውን ይለቅቃል፣ የታችኛው ይቀበላል፤ በመካከላቸው ስምምነት ከሌለ ቦዩ ሳይቆፈር እርከኑ ይሠራል፣ በሐምሌም ይደረመሳል።