የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ንጽሕናና የፈሳሹ ብክለት

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ንጽሕና ማለት በተለምዶ «ቬፕ» የሚባለውን መሣሪያ ከዝቃጭ፣ ከአቧራና ከጀርም ነጻ አድርጎ መያዝ ነው። የፈሳሽ ብክለት ደግሞ በመሣሪያው ውስጥ በሚሞቀው ፈሳሽ ውስጥ መኖር የሌለበት ንጥረ ነገር መገኘት ነው። ሁለቱ አብረው ቢነሱም አንድ አይደሉም። የመሣሪያው ቆሻሻ በእጥበት ይለቃል፤ ከመነሻው ተበክሎ የመጣ ፈሳሽ ግን መሣሪያው ስለታጠበ አይጠራም።

አሠራር

ዘመናዊውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ ነው። መሣሪያው ባትሪ፣ የፈሳሽ ማጠራቀሚያ (ታንክ)፣ የማሞቂያ ሽቦ፣ ጥጥና የአፍ መሳቢያ አለው። ጥጡ ፈሳሹን ይመጣል፣ ሽቦው ያሞቀዋል፣ ተጠቃሚውም የሚወጣውን ጭስ መሰል ነገር ይስባል። ይህ የውሃ እንፋሎት ሳይሆን በአየር ላይ የተንሳፈፉ ደቃቅ የፈሳሽ ጠብታዎች ስብስብ ነው። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ከግሊሰሪን፣ ከማጣፈጫና ከኒኮቲን ይዘጋጃል።

አጸዳድ

* መሣሪያው ይጠፋል፤ ባትሪው የሚነቀል ከሆነ ይነቀላል።
* ታንኩና የአፍ መሳቢያው ተፈትተው በሞቀ ውሃ ይታጠባሉ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቁ ይቆያሉ።
* የባትሪው ክፍል ውሃ አይነካውም፤ የኤሌክትሪክ መገናኛው በደረቅ ጥጥ ብቻ ይጠረጋል።
* የማሞቂያ ሽቦው ሲጠቁር ወይም የማረር ጣዕም ሲመጣ በአዲስ ይተካል። አዲሱ ጥጥ ፈሳሹን እስኪጠጣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ደረቅ ጥጥ ይቃጠላልና።
* የአፍ መሳቢያን በጋራ መጠቀም ጀርም ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል።

ኒኮቲን በቆዳም ስለሚገባ በጽዳት ጊዜ ጓንት ማድረግ፣ ፈሳሹ ከነካም ወዲያው መታጠብ ያስፈልጋል። ሕፃን ፈሳሹን ቢጠጣ ለሕይወቱ አስጊ ስለሆነ ጠርሙሱ እጁ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል።

የብክለት ዓይነቶች

ብረታ ብረት፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የ56 ተጠቃሚዎችን መሣሪያዎች መርምሮ፣ እርሳስን፣ ኒኬልንና ክሮሚየምን የመሳሰሉ ብረቶች ፈሳሹ ከማሞቂያ ሽቦው ጋር ከተገናኘ በኋላ እንደሚጨምሩ አሳይቷል።

ጀርም ነክ ብክለት፦ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ከ75 ምርቶች በ17ቱ የባክቴሪያ መርዝ (ኢንዶቶክሲን)፣ በ61ዱ ደግሞ በአብዛኛው ከፈንገስ የሚመነጨው ግሉካን ተገኝቷል።

ማጣፈጫ፦ ዳያሴታይል የቅቤ ጣዕም ይሰጣል። ሲበላ ጉዳቱ ባይታወቅም፣ በፈንዲሻ ፋብሪካ ሲተነፍሱት የኖሩ ሠራተኞች ከባድ የሳንባ በሽታ ይዟቸዋል። በሃርቫርድ ሌላ ጥናት ከተመረመሩ 51 ጣዕሞች በ39ኙ ዳያሴታይል ተገኝቷል።

የ2019 የአሜሪካ ወረርሽኝ

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በርካታ የቬፕ ተጠቃሚዎች ድንገት በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገቡ። እስከ የካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 2,807 ታማሚዎችና 68 ሟቾች ተመዝግበዋል። ከ51 ታማሚዎች ሳንባ በተወሰደ የእጥበት ፈሳሽ ላይ በተደረገ ምርመራ በ48ቱ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ሲገኝ፣ ለንጽጽር ከተመረመሩት 99 ጤነኛ ሰዎች በአንዱም አልተገኘም። ይህ ዘይት መሰል ንጥረ ነገር የካናቢስ አደንዛዥ ንጥረ ነገር (ቲኤችሲ) ባለበት ፈሳሽ ላይ ማወፈሪያ ሆኖ የተጨመረ ነበር፤ አብዛኞቹ ታማሚዎችም ምርቱን ከሕጋዊ ሱቅ ውጭ ያገኙት ነበር። ሰዎቹን ለዚህ ያበቃቸው የመሣሪያቸው መቆሸሽ ሳይሆን የፈሳሹ ይዘት ነው።

ሕግ

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ የኒኮቲን መጠን በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም፣ የመሙያ ጠርሙስም ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር ማስገባትንና መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ በድብቅ የሚሸጠው ፈሳሽ በተቆጣጣሪ አካል ተመርምሮ ያለፈ አይደለም፤ ገዢው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ጽዳት መሣሪያው ላይ የሚጠራቀመውን ዝቃጭና ጀርም ይቀንሳል፤ ኒኮቲን የሚያስከትለውን ሱስም ሆነ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ግን አያስወግድም።