ሆሜር በትምህርት ቤት፦ የጥንት ግሪክ አፈ ታሪክ ለወጣቶች የተሰጠበት መንገድ

የሆሜር ሁለት ድርሰቶች፣ ኢሊያድና ኦዲሲ፣ ለወጣት ተማሪዎች መማሪያ ከሆኑ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመታት በላይ አልፏል። ኢሊያድ በትሮይ ጦርነት መጨረሻ ላይ አኪሌስ የተባለው ጀግና የተቆጣውን ቁጣና ያስከተለውን እልቂት ይተርካል። ኦዲሲ ደግሞ ኦዲሴዎስ ከዚያው ጦርነት በኋላ አገሩ እስኪገባ ድረስ ዐሥር ዓመት የተንከራተተበትን ታሪክ ይዟል። መልክ የያዙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ለልጆች ተብለው አልተደረሱም፤ በውስጣቸው ያሉት አማልክት ይዋሻሉ፣ ይቀናናሉ፣ ያመነዝራሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ጢሙ ገና ላላበቀለ ልጅ ማስተማር ይገባል ወይ የሚለው ክርክር ከትምህርቱ እኩል የቆየ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ዜኖፋነስ፣ ሰው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የተማረው ከሆሜር እንደሆነ መስክሯል። ይኸው ሰው ሆሜርና ሄሲዮድ በሰው ዘንድ ነውር የሆነውን ስርቆት፣ ዝሙትና ማታለል ሁሉ ለአማልክት ሰጡ ብሎ ወቀሳቸው። ፕላቶ በ4ኛው መቶ ዓመት «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ከዚህም አልፎ ሄደ። ልጅ በለጋነቱ የሰማው ነገር ከልቡ እንደማይፋቅ ስላመነ፣ አማልክት ከገዛ አባቶቻቸው ጋር የተዋጉበት ተረት እውነት ቢሆን እንኳ ለወጣት ሊነገር አይገባም አለ፤ በሐሳቡ ካቆማት ከተማም የሆሜርን ዓይነት ቅኔ አስወጣ። ይህን ሲጽፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ለሆሜር ፍቅርና አክብሮት እንዳለው አልሸሸገም።

አቴናውያን ግን ልጆቻቸውን ከሆሜር አላራቁም። ዜኖፎን በጻፈው «ግብዣ» ውስጥ ኒቄራቶስ የተባለ ሰው፣ አባቱ ጨዋ እንዲሆንለት ብሎ የሆሜርን ስንኝ በሙሉ እንዳስጠናውና ሁለቱንም ድርሰቶች አሁንም በቃሉ መድገም እንደሚችል ይናገራል። ፕሉታርክም ስለ አልኪቢያዴስ ሲጽፍ፣ ከልጅነት ዕድሜው እንዳለፈ ወደ አንድ መምህር ሄዶ የሆሜር መጽሐፍ ጠየቀ፤ መምህሩ የለኝም ቢለው በጡጫ መትቶት ወጣ ይላል።

ታላቁ እስክንድር በ323 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሞተ በኋላ ግሪክኛ በግብፅና በምሥራቁ አገር ሁሉ ተስፋፋ፤ ሆሜርም አብሮ ተጓዘ። ትምህርቱ በአብዛኛው ሦስት ደረጃ ነበረው። ልጁ በመጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፣ ቀጥሎ ከሰዋስው መምህር ዘንድ ባለቅኔዎችን ያነባል፣ አቅምና ገንዘብ ያለው ደግሞ በመጨረሻ የንግግር ጥበብ ይማራል። ሁለተኛው ደረጃ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚገቡት ልጆች ዕድሜ ጋር ይቀራረባል፤ ሆሜር የነገሠውም በዚህ ደረጃ ነበር።

የሰዋስው መምህሩ ሥራ ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ቃልን ከቃል የሚለይ ክፍተት ስለሌለው፣ ተማሪው አንዱ ቃል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ካልተረዳ ጮክ ብሎ ማንበብ እንኳ አይችልም። የሆሜር ቋንቋም ለተማሪው ጆሮ እጅግ ያረጀ ነበር። ስለዚህ ንባቡ ከተቃና በኋላ ጥንታዊው ቃል በሚነገረው ቋንቋ አንድ በአንድ ይፈታል። በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት የግእዙ ንባብ ወርዶ በአማርኛ ሲፈታ የሰማ አንባቢ ይህን ሥርዓት ለመገመት አይቸገርም። ትራክያዊ የሚባለው ዲዮናስዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ የሰዋስውን ሥራ በስድስት ሲከፍል፣ ከባድ ቃላትንና አፈ ታሪኮችን መፍታት አንዱ ክፍል ነበር። ከሁሉ የላቀ ያለው ግን ቅኔውን መዝኖ መፍረድን ነው።

የዚህ ትምህርት ምስክር የግብፅ አሸዋ ጠብቆ ያቆየው የተማሪዎች ጽሑፍ ነው። በፓፒረስ፣ በሸክላ ስባሪና ሰም በተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፉ ልምምዶች ተገኝተዋል። በአንዳንዶቹ የሆሜር ቃል በግራ፣ ፍቺው በቀኝ ተደርድሯል። ጥያቄና መልስም አለ፦ የትሮይ ሰዎች ንጉሥ ማን ነው? ፕሪያም። የጦር አዛዣቸውስ? ሄክቶር። ከአማልክት መካከል ለትሮይ ያገዙት እነማን ናቸው? ተማሪው አሬስ፣ አፍሮዲቴ፣ አፖሎ እያለ ይቆጥራል። በግብፅ ከተገኙት የሥነ ጽሑፍ ቅጂዎች መካከል ሆሜርን በብዛት የሚያህል የለም፤ ኢሊያድ ከኦዲሲ፣ የኢሊያድም የመጀመሪያ ክፍሎች ከኋለኞቹ በእጅጉ ይበዛሉ። ብዙው ልጅ እስከ መጨረሻው አለመዝለቁን ይህ ያሳያል።

እስከ ንግግር ጥበብ የዘለቀው ተማሪ ግን በአፈ ታሪኩ ላይ መከራከር ይጀምራል። በ4ኛው መቶ ዓመት ድኅረ ልደት የነበረው አፍቶንዮስ ያዘጋጀው መማሪያ 14 ልምምዶች አሉት። በአንዱ ተማሪው ስለ ዳፍኔ የሚነገረውን ታሪክ ያፈርሳል። ዳፍኔ የምድርና የወንዝ ልጅ ናት፤ አፖሎ ሲያሳድዳት ወደ ዛፍ ተለውጣለች ይባላል። ሰው ከወንዝ እንዴት ይወለዳል ብሎ ተማሪው ይሞግታል። በሚቀጥለው ልምምድ ያንኑ ታሪክ ደግፎ ይቆማል። በሌላው ደግሞ ልጆቿ በአማልክት ያለቁባት ኒዮቤ ምን ብላ እንደምታለቅስ በእሷ አንደበት ይናገራል። ፕላቶ የፈራው ወጣቱ ተረቱን ሰምቶ እንዳይቀበለው ነበር፤ እነዚህ መምህራን ግን ተረቱን ለተማሪው የማመዛዘኛ መሣሪያ አድርገው ሰጡት። ሆሜር እምነቱ ካለፈ በኋላ በክፍል ውስጥ የመኖሩ ዋና ምክንያትም ይህ ይመስላል።

ሮማውያን ይህንኑ ሥርዓት ወረሱ። በ3ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሊቪዮስ አንድሮኒኮስ ኦዲሲን ወደ ላቲን መለሰው። ባለቅኔው ሆራስ ይህን ትርጉም በልጅነቱ የተማረው ኦርቢልዮስ ከተባለ ዱላ ከማይለየው መምህር ነበር። በኋላ የቨርጂል ኤኔይድ ቦታውን ያዘ። ከሰሜን አፍሪካ የተነሣው አውግስጢኖስ በዚያ መጽሐፍ ስለ ሞተችው ስለ ዲዶ በልጅነቱ እንዳለቀሰ፣ ሆሜርን ግን በማያውቀው ቋንቋ በግርፋት ስለተማረው እንደጠላው ጽፏል።

ክርስትና ሲስፋፋ የፕላቶ ጥያቄ በአዲስ ኃይል ተመለሰ። ተርቱልያኖስ ክርስቲያን እነዚህን መጻሕፍት ሊማር ይችላል፣ ሊያስተምር ግን አይገባውም የሚል አቋም ያዘ። እ.ኤ.አ. በ362 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ዑልያኖስ በተቃራኒው በኩል መጣ። ወደ ጥንቱ አምልኮ የተመለሰው ይህ ንጉሥ፣ በአማልክት የማያምን መምህር ሆሜርን ማስተማር ሐሰተኝነት ነው፤ ይልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄደው ማቴዎስንና ሉቃስን ይተርጉሙ አለ። አፖሊናርዮስ የተባሉ አባትና ልጅ ቅዱሳት መጻሕፍትን በሆሜር ስንኝና በፕላቶ ምልልስ መልክ እየጻፉ ምትክ ሊያዘጋጁ ሞከሩ። ዑልያኖስ በ363 በጦር ሜዳ ሲሞት ሙከራው አብሮ ተረሳ። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ቅዱስ መርቆሬዎስ በፈረስ ተቀምጦ በጦር ሲወጋው የሚታየው ይኸው ንጉሥ ነው።

ለዘመናት የጸናውን መልስ የሰጠው የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይቀደሳል። ባስልዮስ በአቴና ከነባቤ መለኮት ጎርጎርዮስ ጋር ስለተማረ የሚናገርበትን ያውቀዋል። ለወጣቶች በጻፈው ምክር፣ ሙሴ የግብፅን፣ ዳንኤልም የከለዳውያንን ጥበብ መማራቸውን ያስታውሳል። ንብ ከሁሉም አበባ ላይ እንደማታርፍ፣ ካረፈችበትም የሚበጃትን ብቻ እንደምትወስድ፣ ተማሪውም እንዲመርጥ ይመክራል። ስለ አማልክት ዝሙትና ጠብ የሚነገረውን እንዲተው፣ መርከብ ተሰብሮበት ራቁቱን የወጣውን ኦዲሴዎስን ግን እንዲመለከት ይነግረዋል፤ ንብረቱን ሁሉ ያጣው ያ ሰው በምግባሩ ብቻ ተከብሯልና። ይህ ፍርሃት ያልገዛው ምክር ነው፤ ወጣቱን ከመጽሐፉ ከማራቅ ይልቅ ራሱ መራጭ እንዲሆን ያምነዋል።

በቁስጥንጥንያ መንግሥት ክርስቲያን ልጆች ሆሜርን ለተጨማሪ አንድ ሺህ ዓመት ተማሩ። በ12ኛው መቶ ዓመት በሁለቱ ድርሰቶች ላይ ሰፊ ሐተታ የጻፈው ኤዎስጣቴዎስ ኋላ የተሰሎንቄ ሊቀ ጳጳስ ሆኗል። በምዕራብ አውሮፓ ግን ግሪክኛ ጠፍቶ ነበር፤ ፔትራርክ በ1350ዎቹ የሆሜር ቅጂ ቢደርሰውም ማንበብ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ሊዮናርዶ ብሩኒ የባስልዮስን ምክር ወደ ላቲን ሲመልስ፣ የጥንቱን ሥነ ጽሑፍ ለማስተማር የሚሹ መምህራን በቅዱሱ ስም ከነቃፊዎቻቸው የሚከላከሉበት መጽሐፍ ሆነላቸው። ሆሜር ራሱ በ1488 በፍሎረንስ በግሪክኛ ታተመ።

ከዚያ በኋላ ግሪክኛና ላቲን የአውሮፓ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች መለያ ሆኑ። ጥንታዊ ቋንቋ የማያውቀው ተማሪ በበዛበት በ19ኛው መቶ ዓመት ግን አፈ ታሪኩ ከቋንቋው ተለየ። በቦስተን የባንክ ጸሐፊ የነበረው ቶማስ ቡልፊንች በ1855 ታሪኮቹን በተራ እንግሊዝኛ ያሳተመው፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያለ እነሱ ስለማይገባ ነው። የሴቶች ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት የመራችው ኢዲት ሃሚልተን በ1942 ያወጣችው መጽሐፍም በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሰፊው ተነብቧል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ሊቼዮ ክላሲኮ በተባሉ ትምህርት ቤቶች ግሪክኛውንና ላቲኑን ሳትለቅ ቆይታለች። በግሪክ ደግሞ የ1976ቱ ማሻሻያ ጥንታውያኑን ድርሰቶች በትርጉም ማስተማርን አጽንቷል፤ ልጆች ኦዲሲን በጂምናዚዮ የመጀመሪያ ዓመት፣ ኢሊያድን በሁለተኛው ዓመት በዛሬው ግሪክኛ ያነባሉ።