እንቅልፍ ያጣው በሽተኛ

መቼም ማንኩሳን ረግጦ የማያውቅ የከተማ ልጅ እንኳ ስሟን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቀዋል፤ የበዛብህ አገር ናት። በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማራ አገር ጎህ ሳይቀድ ደጅ ቆመው እያዜሙ የሚለምኑ ላሊበሎችን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ነገር ሰምቷል፦ ማዜሙን ከተዉ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይባላል። በሽታውን ፈርተው እንቅልፋቸውን የተዉ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

የሚገርመው፣ በሥጋ ደዌ ታሪክ ውስጥ አንድ የእንቅልፍ መድኃኒትም አለ። ታሊዶማይድ ይባላል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1957 ጀርመን ውስጥ ለማስታገሻና ለእንቅልፍ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። እርጉዝ ሴቶችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በየአገሩ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ፤ በ1961 መጨረሻ ጀርመን ከገበያ አወጣችው።

በ1964 ኢየሩሳሌም ውስጥ ዶክተር ሼስኪን ከሕመሙ ብዛት እንቅልፍ ያጣ የሥጋ ደዌ በሽተኛ ገጠማቸው። ሌላው ማስታገሻ አልሠራ ሲል ይህንኑ ሰጡት። በሽተኛው ተኛ። ሕመሙም ለቀቀው፤ ቆዳው ላይ የወጣው እባጭም ከሰመ።

ታዲያ ባክቴሪያውን ገደለው? በፍጹም፣ አልነካውም። አንዳንድ በሽተኛ ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ ቁጣው ከልክ ያልፍና ትኩሳት፣ እባጭና የነርቭ ሕመም ያመጣል። ሐኪሞች «ሪአክሽን» ይሉታል። ታሊዶማይድ ያበረደው ይህንን ቁጣ ነው። ባክቴሪያውን የሚገድሉት ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ናቸው፤ ሦስቱ አንድ ላይ መሰጠት የጀመሩት በ1980ዎቹ ነው።

እኛ አገር በ1965 ዘነበወርቅ ላይ አለርት ተቋቋመ። እዚህ ለሪአክሽን በብዛት የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ነው። እሱም ዕዳ አለበት፦ በ2014 የታተመ የአለርት ጥናት ከዚህ ሪአክሽን ጋር የተያያዘ ሞት እንዳለ አሳይቶ፣ የመድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ መወሰድ ድርሻ ሳይኖረው እንደማይቀር ጠቁሟል። ታሊዶማይድን ለሥጋ ደዌ በሰፊው የተጠቀመችው ብራዚል ደግሞ ከ1960ዎቹ በኋላም ጉዳቱ ያረፈባቸው ሕፃናት ተወልደውባታል።

እንግዲህ ባክቴሪያውን መግደል አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛው ሌሊቱን በሰላም እንዲተኛ ማድረግ ሌላ። የመጀመሪያው ተችሏል፣ ሥጋ ደዌ ዛሬ ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ሁለተኛውን ያለ ዕዳ የሚያደርግ መድኃኒት ግን ገና እየተፈለገ ነው።