ደሞዛችሁ ዲግሪ ነው የተባሉ ልጆች

ሜይ 1989፣ ዋሽንግተን። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ሴኔት አንድ ንዑስ ኮሚቴ ፊት አንድ ግዙፍ ሰው ቀርቧል። ዴክስተር ማንሊ ይባላል። ለዋሽንግተን ቡድን የሚጫወት፣ ሁለት ጊዜ የሱፐር ቦውል ዋንጫ ያነሣ፣ ተጋጣሚዎቹ ስሙን ሲሰሙ የሚጨነቁለት ተከላካይ ነው። የመጣው ግን ስለ ጨዋታ ሊያወራ አይደለም። ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተጫውቶ ሲወጣ የማንበብ ችሎታው የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያህል እንደነበር፣ እንባ እየተናነቀው ተናገረ። ማንበብ የተማረው ታዋቂ ከሆነ በኋላ፣ የመማር ችግር ላለባቸው በተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው።

አንድ ሰው ማንበብ ሳይችል አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይቀመጣል? መልሱ ቀላልም መራራም ነው። እንዲያነብ የፈለገ አልነበረም። የተፈለገው ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ላይ መገኘቱ ብቻ ነው።

ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል የሾለውን፣ ተጫዋቾቹ የራስ ቁር አጥልቀው የሚላተሙበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። እዚያ አገር የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። አንዳንዱ ስታዲየም መቶ ሺህ ሰው ይይዛል፤ የቴሌቪዥኑ ውል በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከፍተኛውን ደሞዝ የሚያገኘው የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ነው። ተጫዋቹስ? ለብዙ አሥርት ዓመታት መልሱ አንድ ነበር፦ ደሞዝህ ትምህርትህ ነው።

ይህ መልስ ከየት እንደመጣ ማወቅ ተገቢ ነው። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የሚባል የአንድ የኮሎራዶ ኮሌጅ ተጫዋች በጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ባለቤቱ፣ ባሏ ለኮሌጁ ሲሠራ ነው የሞተውና የሥራ ላይ አደጋ ካሳ ይገባኛል ብላ ከሰሰች። ጉዳዩ እስከ ክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1957 ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ አይደለም፣ ሟቹም ሠራተኛ አልነበረም ብሎ አሰናበታት።

በዚያ ዘመን የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ እንዲህ ያለ ክስ ያስፈራው ነበር። አንድ ፍርድ ቤት አንድ ቀን ተጫዋቾቹን ሠራተኞች ናቸው ካለ ቤቱ ሁሉ ይናዳል። ስለዚህ አንድ ቃል ፈጠሩ፦ «ተማሪ አትሌት»። በየደንቡና በየመግለጫው እንዲገባም አስገደዱ። ይህን የነገረን ተቃዋሚ አይደለም። ማኅበሩን ከ1951 ጀምሮ ከ35 ዓመት በላይ የመራው ዋልተር ባየርስ ራሱ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ነው። ዛሬ በየቴሌቪዥኑ በክብር የሚነገረው ቃል የተወለደው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሳይሆን የካሳ ክስ በመፍራት ነው።

እሺ፣ ደሞዙ ዲግሪ ይሁን። ዲግሪ ግን እንደ ሌላ ደሞዝ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ሠርቶ ቢሄድ የግማሽ ቀኑን ያገኛል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከሚያስፈልገው 120 ክሬዲት ገደማ ውስጥ መቶውን የጨረሰ ልጅ ግን ቀጣሪ ፊት ሲቆም ወረቀት የለውም። ዲግሪ የሚከፈለው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል። በ1973 ደግሞ ኤንሲኤኤ የአራት ዓመቱን ስኮላርሺፕ አስቀርቶ በየዓመቱ የሚታደስ አደረገው። ጉልበቱ የተሰበረ ወይም አሰልጣኙ የጠላው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ላይታደስለት ይችላል ማለት ነው። የብዙ ዓመት ስኮላርሺፕ እንደገና የተፈቀደው በ2012 ነው። በመካከሉ ላሉት 39 ዓመታት የልጁ ትምህርት በአሰልጣኙ ብዕር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ዲግሪው ቀርቶ ትምህርቱ ራሱ ተሰጥቷቸዋል ወይ? ይህን ጥያቄ በፍርድ ቤት ያስነሣች አንዲት መምህርት ናት። ጃን ኬምፕ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሪሚዲያል እንግሊዝኛ ታስተባብር ነበር። በ1981 መጨረሻ ዘጠኝ የፉትቦል ተጫዋቾች የሪሚዲያል ትምህርቱን ሳያልፉ እንዲያልፉ ተደረገ። ምክንያቱ ሹገር ቦውል የሚባለው ትልቅ ጨዋታ መድረሱ ነው። ተቃወመች። ከኃላፊነቷ ተነሣች፤ ቀጥሎም ተባረረች። ከሰሰችና በ1986 ዳኞቹ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረዱላት፤ ገንዘቡ በኋላ ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ቢቀነስም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንትም ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከዚያ ችሎት ለታሪክ የቀረው ግን የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ክርክር ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማድረግ ባንችል እንኳ፣ ማንበብና መጻፍ ካስተማርነው ጨዋታው ሲያበቃ ቆሻሻ ሰብሳቢ ከመሆን ፖስታ ቤት ሊቀጠር ይችላል አለ። ጠበቃው ይህን የተናገረው ለመከላከል ነው! ዩኒቨርሲቲው ለልጁ የገባው ቃል ምን ያህል እንደሆነ በዚህ ታወቀ።

ከዚያ ወዲህ ደንብ ተደራረበ። በ1986 ሥራ ላይ የዋለው «ፕሮፖዚሽን 48» ለአዲስ ገቢዎች የውጤት መቁረጫ አወጣ። በ1990 የወጣ የፌዴራል ሕግ ኮሌጆች ስንት አትሌት እንዳስመረቁ እንዲያሳውቁ አስገደደ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተጫዋቾቹ በትምህርት ወደፊት የማይሄዱለት ቡድን ይቀጣል ተባለ። ለውጥ አልመጣም ማለት ሐሰት ነው፤ የሚመረቁት ቁጥር ከፍ ብሏል። ነገር ግን ቁጥር ሲፈለግ ቁጥር የሚያመርት አይጠፋም። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል ለ18 ዓመታት፣ እስከ 2011 ድረስ፣ አስተማሪ የማይገባባቸው፣ አንድ ወረቀት ጽፎ ማስገባት ብቻ የሚጠይቁ «ኮርሶች» ይሰጡ ነበር። በ2014 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ከ3,100 በላይ ተማሪዎች እንዳለፉባቸው፣ ግማሽ ያህሉም አትሌቶች እንደነበሩ አረጋገጠ። ኤንሲኤኤ በ2017 ምን ወሰነ? ኮርሶቹ ለሌሎች ተማሪዎችም ክፍት ስለነበሩ ደንብ ተጥሷል ማለት አልችልም ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ዲግሪ የሌለው አንድ ነገር ነው። ዲግሪ የሌለውና የወንጀል ሪከርድ ያለበት ግን ሌላ።

ሞሪስ ክላሬት ያደገው ያንግስታውን፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው፤ የብረት ፋብሪካዎቿ ተዘግተው ድህነት የወረሳት ከተማ። በ2002 ኦሃዮ ስቴት ገባ። ጃንዋሪ 2003 በብሔራዊ ሻምፒዮናው ፍጻሜ፣ ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ላይ የማሸነፊያዋን ነጥብ አስቆጠረ። ዕድሜው 19 ነበር። በዚያው ዓመት ከደንብ ውጭ ጥቅም ተቀብለሃል፣ ለመርማሪዎችም ዋሽተሃል ተብሎ ታገደ። ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ልግባ ሲል ኤንኤፍኤል ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከወጣህ ሦስት ዓመት አልሞላህም አለው። ከሰሰ፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ ይግባኝ ሰሚው በ2004 ሻረበት። ኮሌጁ አላጫውት፣ ሊጉ አልቀበል አሉት። በ2005 ዴንቨር መረጠው፤ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር አሰናበተው።

በ2006 የመጀመሪያ ቀን በመሣሪያ አስፈራርቶ ዘረፋ ፈጸመ። በኦገስት ፖሊስ አሳድዶ ሲይዘው ጥይት የማይበሳው ልብስ ለብሶ፣ መኪናው ውስጥ ጥይት የጎረሱ መሣሪያዎች ነበሩ። ሰባት ዓመት ተኩል ተፈረደበት፤ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ታስሮ በ2010 ተፈታ።

ሎውረንስ ፊሊፕስ ደግሞ የኔብራስካ ኮከብ ነበር። በሴፕቴምበር 1995 የቀድሞ ፍቅረኛውን ደበደበ። አሰልጣኙ ስድስት ጨዋታ አሳርፎት መለሰው። ማባረር ብቸኛ መያዣውን ማሳጣት ነው የሚል ነበር ክርክሩ። ጃንዋሪ 1996 ኔብራስካ ፍሎሪዳን 62 ለ24 ረትቶ ሻምፒዮን ሲሆን ፊሊፕስ ሜዳ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ድራፍት ስድስተኛ ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ ከቡድን ቡድን ተንከባለለ። በ2005 መኪናውን ሦስት ታዳጊዎች ላይ ነዳ። በዚህና ሌላ ሴት ላይ በፈጸመው ጥቃት ከ30 ዓመት በላይ ተፈረደበት። በ2016፣ አብሮት የታሰረውን ሰው ገድለሃል ተብሎ ተከሶ ሳለ፣ በ40 ዓመቱ እስር ቤት ውስጥ ራሱን አጠፋ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተደበደቡት ሴቶች፣ በመኪና የተገጩት ልጆች፣ አፈሙዝ የተደገነባቸው ሰዎች አሉ። «ሥርዓቱ ነው እንዲህ ያደረጋቸው» ብሎ ወንጀሉን ማጠብ በእነዚህ ሰዎች ላይ ሁለተኛ በደል መፈጸም ነው። ብዙ ሺህ ልጆች በዚያው ሥርዓት አልፈው ማንንም አልነኩም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሲጫወቱ ጥፋታቸውን በስድስት ጨዋታ የሚለካ ተቋም፣ መጫወት ሲያቆሙ ለምን አያውቃቸውም? ዛፍ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል፤ ቆሞ ሳለ በጥላው የተቀመጠው ግን ማን ነበር?

አስቡት። የቀድሞ ተጫዋች የሚያውቀው ሙያ ጨዋታው ነው። ተፈጥሯዊ ሥራው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ መሆን ነበር። በብዙ ቦታ ግን ለዚያ የመምህርነት ፈቃድ ስለሚፈለግ ዲግሪ ያስፈልጋል። ከልጆች ጋር ስለሚሠራም የወንጀል ሪከርዱ ይመረመራል። አንድ በር፣ ሁለት ቁልፍ፤ ሁለቱም የሉትም። እስር ቤት ሆኖ ዲግሪውን እንዳይጨርስ ደግሞ በ1994 የወጣው የወንጀል ሕግ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጎማ ለእስረኞች ከለከለ። ክልከላው ሙሉ በሙሉ የተነሣው በጁላይ 2023 ነው። ማንሊ በኮኬይን ምክንያት ቴክሳስ ውስጥ ሲታሰር፣ ክላሬት ቶሊዶ ሲታሰር፣ በሩ ተዘግቶ ነበር።

ዲግሪያቸውን ተመልሰው የጨረሱ የሉም ወይ? አሉ። ኤሚት ስሚዝ ለእናቱ በገባው ቃል መሠረት በ1996 ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ጀሮም ቤቲስ ኖትርዳምን ከለቀቀ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2022 ጋዋን ለበሰ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱም ተመልሰው ክፍል ለመቀመጥ ገንዘቡም ጊዜውም ነበራቸው። ከኮሌጅ ተጫዋቾች ኤንኤፍኤል የሚደርሱት በኤንሲኤኤ የራሱ ግምት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። በሌሊት ፈረቃ መጋዘን የሚሠራ፣ ሁለት ልጅ የሚያሳድግ የ30 ዓመት ሰው የቀረችውን 20 ክሬዲት በምን ይከፍላታል? ዲግሪው የሚያስፈልገው ለእሱ ነበር፤ መመለስ የቻሉት ግን ያለ ዲግሪም መኖር የሚችሉት ናቸው።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል ይባላል። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ኤንሲኤኤ ላይ ፈረዱ፤ በዚያው ዓመት ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። በጁን 2025 በጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ ማካፈል ተፈቀደላቸው፤ ላለፈው ደግሞ 2.8 ቢሊዮን ካሳ ተመደበ። ካሳው ግን ከ2016 ወዲህ የተጫወቱትን ብቻ ነው የሚመለከተው። የማንሊ ትውልድ፣ የእነዚያ ዘጠኝ የጆርጂያ ልጆች ትውልድ ምንም አያገኝም። አዲሱ ገንዘብም የራሱ ወጥመድ አለው። የተሻለ ክፍያ ፍለጋ በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚቀይር ልጅ የወሰዳቸው ኮርሶች ሁሉ አዲሱ ቤት ላይቆጠሩለት ይችላሉ። ኪሱ ሞልቶ ዲግሪው ሊጎድል ይችላል።

ከአንባቢዎቼ መካከል በኮሎምበስ፣ በዳላስ ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ ልጅ የምታሳድጉ አላችሁ። ስፖርቱ ፉትቦል ሆነ ሩጫ፣ አሰልጣኝ ሳሎናችሁ ድረስ መጥቶ ስለ ልጃችሁ ጉልበት ሲያወራ ደስ ይላል። ስለ ስታዲየሙ ሳይሆን ይህን ጠይቁት፦ ልጄ ቢጎዳ ስኮላርሺፑ ይቀጥላል ወይ? የሚማረውን የትምህርት ዘርፍ የሚመርጠው እሱ ነው ወይስ የልምምዱ ሰዓት? ሳይጨርስ ቢወጣ በ30 ዓመቱ ተመልሶ ሲያንኳኳ በነፃ ትከፍቱለታላችሁ? መልሱን በወረቀት ተቀበሉ።

ክላሬት እስር ቤት ውስጥ ማንበብ ያዘ፤ ሐሳቡንም በጽሑፍ ያወጣ ነበር። ከተፈታ በኋላ ወደ ያንግስታውን ተመልሶ የሱስና የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸውን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። ማንሊም ዘግይቶም ቢሆን ከሱሱ ተላቀቀ። ሰው ከወደቀበት ይነሣል። ነገር ግን አንዱ ማንበብን የተማረው ዩኒቨርሲቲውን ከለቀቀ በኋላ ነው፤ ሌላው ከመጽሐፍ ጋር የተወዳጀው እስር ቤት ነው። ደሞዛችሁ ትምህርት ነው ያላቸው ተቋም የዚያን ደሞዝ ዕዳ እስካሁን አልከፈለም።