የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ፤ በጭንቅ ቀን ከሰው ኃይል ይልቅ በእግዚአብሔር ስለ መታመን

ሰው በደኅና ቀን በእግዚአብሔር እታመናለሁ ቢል የሚያስቸግረው የለም፤ ጎተራው ሙሉ፣ በሩም ዝግ ነውና። የእምነቱ ልክ የሚታወቀው ጠላት ከደጅ በቆመ ጊዜ፣ ረዳትም በታጣ ጊዜ ነው። ይህንንም ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚያሳይ የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ ታሪክ ነው። ታሪኩም በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ከምዕራፍ 18 እስከ ምዕራፍ 20፣ በትንቢተ ኢሳይያስ ከምዕራፍ 36 እስከ ምዕራፍ 39፣ በሁለተኛው መጽሐፈ ዜና መዋዕልም በምዕራፍ 32 ተጽፎ ይገኛል። አንዱን ነገር ሦስት መጻሕፍት መላልሰው መናገራቸው ስለ ምን ነው ቢሉ፤ ትምህርቱ ለአንድ ትውልድ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ነገሩን ለማስተዋል ከአባቱ ከአካዝ መጀመር ይገባል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ734 ዓመት ገደማ የሶርያ ንጉሥ ረአሶንና የእስራኤል ንጉሥ ፋቁሔ ተባብረው በኢየሩሳሌም ላይ ተነሡ። ንጉሡም ሕዝቡም በፍርሃት ራዱ። በዚያን ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ ልጁን ይዞ፣ ልብስ አጣቢዎች በሚሠሩበት መስክ መንገድ፣ ከላይኛው ኩሬ ውኃ በሚወርድበት መስኖ አጠገብ አካዝን አገኘው። ከተማ ስትከበብ አስቀድሞ የሚታሰብ ውኃ ነውና ንጉሡ በዚያ ስፍራ መገኘቱ አያስደንቅም። ነቢዩም እንዳይፈራ፣ ማመንን ቢተው ግን መንግሥቱ እንደማይጸና ነገረው፤ ምልክት ይለምን ዘንድም ፈቀደለት። አካዝ ግን እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም በማለት ምልክቱን አልቀበልም አለ።

ይህ ቃል የትሕትና ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ምነው ቢሉ፤ ልቡ ወደ አሦር ሸፍቶ ነበርና። የቤተ መቅደሱንና የቤተ መንግሥቱን ብርና ወርቅ ሰብስቦ ለአሦር ንጉሥ ለቴልጌልቴልፌልሶር እጅ መንሻ ላከ፤ ራሱንም ባሪያው አደረገ። የአሦርም ንጉሥ መጣለት፤ ደማስቆን በ732 ዓመት ያዘ፤ ከእርሱም በኋላ የተነሡት የአሦር ነገሥታት በ722 ዓመት ገደማ ሰማርያን አፈረሱ። አካዝ ግን ከጠላቶቹ ቢያርፍም ከረዳቱ አላረፈም፤ ይሁዳ ከዚያ ወዲያ የአሦር ገባር ሆነች። ቀበሮን ለማባረር ጅብን ወደ በረቱ የጠራ እረኛ የሚያገኘውን አገኘ።

ሕዝቅያስ በአባቱ ፋንታ በነገሠ ጊዜ የጣዖቱን መስገጃ አፈረሰ፤ ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ሳይቀር ሕዝቡ ያጥኑለት ስለ ነበር ሰባበረው። ከዚህ በኋላ የአሦር ንጉሥ ሳርጎን በ705 ዓመት በጦርነት ሞተ፤ ልጁ ሰናክሬም ነገሠ። ብዙ አገሮችም ዘመኑ የተመቸ መስሏቸው ከአሦር ቀንበር ሊወጡ ተነሡ፤ ሕዝቅያስም መገበሩን ተወ።

እግዚአብሔርን የሚወድ ንጉሥ እንኳ ከአባቱ ፈተና አልተረፈም። አባቱ ወደ አሦር እንደ ላከ፣ የእርሱም መኳንንት ወደ ግብፅ ላኩ። በዚያ ዘመን ግብፅን ይገዙ የነበሩ ከኩሽ የወጡ ነገሥታት ናቸው። መጽሐፍ ኢትዮጵያ የሚላት ይህች ኩሽ ናት፤ መናገሻዋም በዛሬው የሱዳን አገር በዓባይ ዳር ያለችው ናፓታ ነበረች። ኢሳይያስ በምዕራፍ 30ና በምዕራፍ 31 ይህን ምክር አጥብቆ ነቀፈው። ግመልና አህያ መዝገብ ተሸክመው በአንበሳና በእባብ ምድረ በዳ አልፈው ወደማይረባ ሕዝብ መሄዳቸውን ተናገረ፤ ግብፃውያን ሰዎች እንጂ አምላክ አይደሉም፣ ፈረሶቻቸውም ሥጋ እንጂ መንፈስ አይደሉም ሲል አስተማረ።

ነቢዩ ኢትዮጵያን ንቆ ነውን ቢሉ፤ አይደለም። በምዕራፍ 18 የዚያች አገር ሕዝብ ለእግዚአብሔር ወደ ጽዮን እጅ መንሻ እንደሚያመጣ ራሱ ተናግሯልና። የነቀፈው የሰውን ወዳጅነት አይደለም፤ ለእግዚአብሔር የሚገባውን ተስፋ በሰው ላይ መጣልን ነው እንጂ።

ሕዝቅያስ ለከበባው ሌላም ዝግጅት አደረገ። ቅጥሩን ጠገነ፤ ጋሻና ጦር አሠራ፤ የግዮንን ምንጭ ከከተማው ውጭ ጠላት እንዳያገኘው ደፍኖ፣ ውኃውን በምድር ውስጥ ወደ ከተማው አገባው። ይህ በዓለት ውስጥ የተፈለፈለው መንገድ እስከ ዛሬ አለ፤ ርዝመቱ 533 ሜትር ያህል ነው። ጠራቢዎቹ ከሁለቱ ወገን ጀምረው በመካከል እንደ ተገናኙ የሚናገር ጽሕፈት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. በዋሻው ግድግዳ ላይ ተገኘ፤ ጽሕፈቱም ውኃው የሚሄድበትን 1200 ክንድ ይለዋል። ይህ ሥራ ኃጢአት ነበርን ቢሉ፤ አልነበረም። መጽሐፍ ይህን ከንጉሡ ሥራዎች ቆጥሮ ይናገርለታልና። ነገር ግን ኢሳይያስ በምዕራፍ 22 የከተማዪቱን ሰዎች የገሠጻቸው፣ ኩሬውን ሲያበጁ፣ ቤት አፍርሰው ቅጥር ሲሠሩ፣ ይህን አስቀድሞ ያዘጋጀውን እግዚአብሔርን ስላልተመለከቱ ነው። እንግዲህ በእግዚአብሔር መታመን ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። መቈፈሪያ ማንሣት ይገባል፤ በመቈፈሪያው መመካት ግን አይገባም።

በ701 ዓመት ሰናክሬም ታላቅ ሠራዊት ይዞ መጣ። የይሁዳን ከተሞች አንድ በአንድ ያዘ። እርሱ ራሱ ባስጻፈው፣ በነነዌ በተገኘውና ዛሬ በለንደን ቤተ መዘክር በሚጠበቀው ባለ ስድስት ገጽ የሸክላ ዓምድ ላይ፣ የተመሸጉ 46 ከተሞችን እንደ ያዘና 200,150 ሰው እንደ ማረከ ይናገራል። ነገሥታት የገዛ ድላቸውን ሲጽፉ ቍጥር እንደሚያበዙ የታወቀ ነው፤ ጥፋቱ ግን ታላቅ እንደ ነበረ ምድሪቱ ራሷ ትመሰክራለች። ከኢየሩሳሌም ቀጥሎ ብርቱ የነበረችው ከተማ ለኪሶ ነበረች። ሰናክሬም የለኪሶን አወዳደቅ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ በድንጋይ ላይ አስቀረጸ፤ ይህም ቅርጽ በ1840ዎቹ ዓመታት ከነነዌ ፍርስራሽ ወጣ። በእርሱም ላይ ቅጥሩን ለመውጣት የተደለደለው አቀበት፣ በእንጨት የተሰቀሉ ሰዎች፣ ዕቃቸውን በበሬ ጋሪ ጭነው ከልጆቻቸው ጋር ወደ ምርኮ የሚሄዱ ሴቶች ይታያሉ። አቀበቱም በስፍራው እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ሕዝቅያስም በዚህ ጊዜ ወደ ለኪሶ ልኮ በደልሁ፣ የጫንህብኝን እሸከማለሁ አለ። ሰናክሬምም 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ጫነበት። ሕዝቅያስ ራሱ በወርቅ የለበጣቸውን የቤተ መቅደሱን ደጆች ገፎ ሰጠ። እነሆ፣ የአባቱን መንገድ እስከ ዳር ሄደበት፤ የግብፅ ረዳት አላዳነውም፤ ወርቁም አላዳነውም። ሰናክሬም ወርቁን ተቀብሎ ከተማዪቱን ደግሞ ፈለገ።

የአሦር መልእክተኛ ራፋስቂስ ብዙ ጭፍራ ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። የቆመውም የት ነው ቢሉ፤ ልብስ አጣቢዎች በሚሠሩበት መስክ መንገድ፣ በላይኛው ኩሬ መስኖ አጠገብ ነው። አንባቢ ይህን ያስተውል። ከ30 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነቢዩ ለአካዝ እመን ያለበት፣ አካዝም አሦርን የመረጠበት ስፍራ ይህ ነው። አባት አሦርን በመረጠበት መስኖ ዳር፣ አሦር በልጁ ላይ ሠራዊቱን አቆመ። ሰው በእግዚአብሔር ፋንታ የሚታመንበት ኃይል በጊዜው ተመልሶ ዋጋውን ይጠይቃልና።

ራፋስቂስ በአይሁድ ቋንቋ ጮኾ ተናገረ። የንጉሡ ሹማምንት በሶርያ ቋንቋ እንዲነግራቸው ቢለምኑት፣ በቅጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ ይስማ ብሎ እንቢ አለ። ግብፅን የሚደገፉባትን እጅ ከምትወጋ ከተሰበረ ሸምበቆ ጋር አመሳሰላት፤ በፈረሶቹ ላይ የሚቀመጥ ሰው ካገኛችሁ ሁለት ሺህ ፈረስ ልስጣችሁ ብሎ ዘበተባቸው። እስከዚህ የተናገረው እውነት ነበረ፤ ስለ ግብፅ ነቢዩም ይህንኑ ብሏልና። ስሕተቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሌሎቹ አሕዛብ አማልክት አገራቸውን እንዳላዳኑ፣ የእስራኤልም አምላክ ኢየሩሳሌምን አያድንም አለ። ፈጣሪን ከእንጨትና ከድንጋይ ጋር ቈጠረው። ሕዝቡም ንጉሡ እንዳዘዛቸው ዝም አሉ፤ አንድ ቃል አልመለሱለትም። ይህ ዝምታ የፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ስድብን በስድብ ባለመመለስ ፍርድን ለእግዚአብሔር መተው ነው።

በዚህም መካከል የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሊወጋው እንደ ተነሣ ለሰናክሬም ወሬ ደረሰው። ያን ጊዜ መልእክተኞቹን ከደብዳቤ ጋር ዳግመኛ ወደ ሕዝቅያስ ላከ። ሕዝቅያስ ቀድሞ በጭንቅ ጊዜ መልእክተኛ ወደ ግብፅ፣ ወርቅ ወደ ለኪሶ ሲልክ ነበር፤ አሁን ግን ደብዳቤውን ይዞ ወደ ቤተ መቅደስ ወጣ፤ በእግዚአብሔርም ፊት ዘረጋው። ወርቁን ገፎ የሰጠበት ደጅ ባዶውን ቆሟል፤ የሚያቀርበው ከስድብ ወረቀት በቀር አልነበረውም። ጸሎቱም የምድር መንግሥታት ሁሉ እግዚአብሔር ብቻውን አምላክ እንደ ሆነ ያውቁ ዘንድ አድነን የሚል ነው። ዙፋኔን አጽናልኝ ብሎ አልጀመረም። በእግዚአብሔር የመታመን ምልክቱ ይህ ነው፤ ከራስ ክብር የእርሱን ስም ማስቀደም።

በዚያችም ሌሊት የእግዚአብሔር መልአክ ከአሦር ሠፈር 185,000 እንደ መታ መጽሐፍ ይነግረናል፤ ሰናክሬምም ወደ ነነዌ ተመለሰ። የሸክላው ዓምድ ሕዝቅያስን እንደ ወፍ በቀፎ እንደ ዘጋበትና ግብር እንደ ተቀበለ ይመካል፤ ኢየሩሳሌምን ያዝሁ ግን አይልም። የለኪሶን መውደቅ በግድግዳው የሳለ ንጉሥ ኢየሩሳሌምን ሊስላት አልቻለም፤ አልገባባትምና። ከዚያም በ681 ዓመት በአምላኩ ቤት ሲሰግድ ልጆቹ በሰይፍ ገደሉት። አማልክት አያድኑም ብሎ በሌላው ያፌዘው ሰው፣ የራሱ አምላክ በቤቱ ውስጥ እንኳ ሳያድነው ቀረ። ቲርሐቅም ቢሆን ልጁ አስራዶን በ671 ዓመት ሜምፎስን በያዘ ጊዜ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ ነነዌም በተራዋ በ612 ዓመት ፈረሰች። የሚያስፈራውም፣ ተስፋ የሚደረገውም የሰው ኃይል ሁሉ ጊዜው ሲደርስ አለፈ።

በዚህ ስፍራ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ኢየሩሳሌም ከዳነች ለኪሶ ስለ ምን ጠፋች? በ46ቱ ከተሞች የሚጸልይ አልነበረምን? የለኪሶ እናቶች አላለቀሱምን? ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ የሚሰጥ ሰው ጥያቄውን አልሰማውም ማለት ነው። ሞሬታዊው ሚክያስ ለኪሶን ስለ ሠረገላዋ ቢወቅሳትም፣ ወቀሳውን የተናገረው እያለቀሰ ነው። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። ስለዚህ የዳነ በጽድቄ ዳንሁ አይበል፤ የወደቀውም እግዚአብሔር ረሳው አይባል። በእግዚአብሔር መታመን መከራን የሚያስቀር ዋጋ አይደለም፤ በመከራም በድኅነትም የእርሱ ሆኖ መገኘት ነው እንጂ።

ይህን ያልተማሩ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ተነሡ። ኢየሩሳሌም በሕዝቅያስ ዘመን ስለ ዳነች፣ ቤተ መቅደሱ ካለ ከተማዪቱ አትያዝም ብለው ድኻውን እየበደሉ፣ ጣዖትን እያመለኩ ተደላድለው ተቀመጡ። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 7 ይህ መታመን ሐሰት እንደ ሆነ ነገራቸው፤ አልሰሙትም። በ586 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ቤተ መቅደሱን አቃጠለ። አያቶቻቸው በግብፅ ፈረስ ታመኑ፤ እነርሱ ደግሞ በቤተ መቅደሱ ድንጋይ ታመኑ። የተቀደሰም ቢሆን ፍጡር ፍጡር ነው። ሕዝቅያስ ራሱም ለባቢሎን መልእክተኞች መዝገቡን ሁሉ በማሳየቱ፣ ያ ሁሉ ወደ ባቢሎን እንደሚወሰድ ከኢሳይያስ ሰምቷል። ከታላቅ ድኅነት የተሳተፈ ሰውም ዳግመኛ በሀብቱ ሊመካ ይችላልና፣ እምነት አንድ ጊዜ ተይዞ የሚቀመጥ ሳይሆን በየዕለቱ የሚታደስ ነው።

ሕዝቅያስ ያስፈለፈለው መንገድ ውኃውን ወደ ሰሊሆም ያወርደዋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ጌታ ባዘዘው ጊዜ የታጠበው በሰሊሆም ነው። ንጉሡ ለጦርነት ጭንቅ ያዘጋጀውን ውኃ እግዚአብሔር ለብርሃን አዋለው። ሰው የሚገባውን ይሥራ፤ መቈፈሪያውንም ያንሣ፤ የሥራውን ፍጻሜ ግን ለፈጣሪው ይተው። የስድብና የማስፈራራት ደብዳቤ በመጣበትም ቀን መልስ ለመጻፍ አይቸኩል፤ አስቀድሞ በእግዚአብሔር ፊት ይዘርጋው።

ለእርሱ ክብርና ምስጋና ለዘለዓለም ይሁን፤ አሜን።