ወፉ ራሱን ያነሣበት ፎቶግራፍ

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አንድ የተፈጥሮ ተመራማሪ በረግረግ ውስጥ ብርቅ ወፍ አየሁ ቢል፣ ቃሉን የሚያጸናለት ማስረጃ በጠመንጃ የወደቀው የወፉ በድን ነበር። ስለዚህም አንድ ወፍ ብርቅነቱ በታወቀ ቁጥር ይበልጥ ይታደን ነበር። ይህን ልማድ በመለወጥ ረገድ ፎቶግራፍ ያበረከተው ድርሻ ከፍተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው ለዚህ የበቃው ቀስ በቀስ ነው።

በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኘው ሂክሊንግ ብሮድ በሸምበቆ የተከበበ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ሲሆን፣ ዛሬ የተጠበቀ የተፈጥሮ ክልል ነው። ኤማ ተርነር የተባሉት እንግሊዛዊት በዚሁ ሐይቅ ላይ በመኖሪያ ጀልባ እየሰፈሩ ለብዙ ዓመታት ወፎችን አንሥተዋል። በዘመኑ ካሜራው ከባድ፣ የመስታወት ፕሌቱም ብርሃን የመቀበል ኃይሉ ደካማ ስለነበረ፣ አንሺው ከጎጆ አጠገብ ተደብቆ ወፉ እስኪመለስ ከመጠበቅ በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረውም። በዚህ ምክንያት ሥራው በአብዛኛው በመራቢያው ወራት የተወሰነ ነበር። በ1911 እ.ኤ.አ. ተርነር ያነሡት የቢተርን ጫጩት ሥዕል፣ ይህ በሸምበቆ መካከል የሚሰወር ወፍ ከእንግሊዝ ምድር ከጠፋ በኋላ ተመልሶ መራባት መጀመሩን ያረጋገጠ የመጀመሪያው ማስረጃ ሆነ። ለማስረጃው ሲባል የተገደለ ወፍ አልነበረም።

የፍጥነቱ ችግር የተፈታው ግን በረግረግ ሳይሆን በቤተ ሙከራ ነው። ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በ1882 እ.ኤ.አ. የሠሩት መሣሪያ ቅርጹ እንደ ጠመንጃ ሆኖ (ነገሩ ፌዝ ይመስላል!) በሴኮንድ 12 የበራሪ ወፍ ሥዕሎችን ያነሣ ነበር። የእርሳቸው ረዳት የነበሩት ሉስየን ቡል ደግሞ በ1904 እ.ኤ.አ. ገደማ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አማካይነት በሴኮንድ ከ1,000 በላይ ሥዕሎችን በማንሣት የነፍሳትን የክንፍ እንቅስቃሴ አሳዩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከፍጥነቱ ይልቅ የአነሣሡ ዘዴ ነው። ነፍሳቱ ሲነሣ የኤሌክትሪክ መስመሩን እየለወጠ መዝጊያውን በራሱ ያስከፍት ነበር፤ የሰው ጣት ለዚህ ሥራ እጅግ ዘገምተኛ ነውና።

ከመቶ ዓመት በኋላ በየጫካውና በየረግረጉ የተተከለው አውቶማቲክ ካሜራ የዚሁ ሐሳብ ወራሽ ነው። ኢንፍራሬድ መቀበያው በእንስሳውና በአካባቢው መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ለውጥ ሲያገኝ ካሜራውን ያስነሣል። ለነብር የተመቸው ይህ ዘዴ ለትንሽ ወፍ ግን አስቸጋሪ ነው፤ የገላዋ ሙቀት ጥቂት ነው፣ ፀሐይ ያሞቀው ሣርም በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር መቀበያውን እያታለለ ባዶ ሥዕል ያስነሣል።

የዚህ መሣሪያ ፈተናና ውጤት ጎልቶ የታየው በሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ በተባለችው ወፍ ላይ ነው። ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክንፏ በነጭ የተዋበ፣ በቄጠማ ሥር እየሮጠች የምትኖርና እምብዛም የማትበር ናት። በዓለም ላይ የቀሩት ለመራባት የደረሱት ቁጥር ከ250 በታች እንደሚሆን ይገመታል። ቀድሞ ይህችን ወፍ ለመቁጠር ሰዎች ረግረጉን በሰልፍ እያቋረጡ ያስበረግጓት ነበር። ጥበቃ በሚያስፈልጋት ወፍ ላይ እንዲህ ያለው ቆጠራ ከአደን የሚሻለው በጥቂቱ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ጨፌ በክረምት እንደምትፈለፍል ከታወቀ በኋላ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በደቡብ አፍሪካ የምትታየው ለመራባት እንዳልሆነ ይታሰብ ነበር። በዚያች አገር ሚድልፑንት በተባለው ረግረግ የተተከሉት ካሜራዎች ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ውጤት ጫጩቶቿን ጭምር አሳዩ። የዚያ አገር የዝናብ ወራት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ፣ ማለትም የኢትዮጵያ በጋ ነው።

የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ወይም መንገድ ለሚነድፍ ባለሙያ ይህ የወራት ነገር ከካሜራው ይልቅ ይቀርበዋል። የቦታ ጥናት እንደሚታወቀው መኪና በሚያልፍበት በበጋ ይደረጋል። በጥር ወር ወደ በርጋ የሚወርድ ቀያሽ ሣሩ የታጨደበትና ከብት የተሰማራበት የግጦሽ መስክ አይቶ፣ ባዶ መሬት ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። በሐምሌ ግን በዚያው መሬት ላይ ውሃው ይተኛል፤ ከቄጠማውም ሥር ጎጆው አለ።